ሞኖው ይሁንልኝ

የሙዚቃ ሸክላ መደብሩን የመስታወት ሳጥን የሰነጠቁት ራሳቸው ባለቤቱ ናቸው። ስልክ እያወሩ በክርናቸው ተደገፉበትና ቋ አለ። ልጃቸው ከኋላ ክፍል ብቅ ስትል፣ አባቷ እጃቸውን ወደ ላይ አንስተው፣ ሌላ ሰው የሰበረው ይመስል መስታወቱን በግርምት ሲመለከቱት አገኘቻቸው። ሳቋን ዋጥ አድርጋ መስታወት የሚቆርጥ ሰው ልትፈልግ ወጣች።

ሚጢ ይሏታል። በሕፃንነቷ የወጣላት የቁልምጫ ስም ነው፤ አሁን አባቷን በቁመት በልጣቸውም ስሙ አልለቀቃትም። እናቷ ካረፉ ወዲህ አባትና ልጅ ብቻቸውን ናቸው፤ መደብሩንም የምታንቀሳቅሰው እሷ ናት። የሚሸጡት የድሮ የሮክ ባንዶችን ሸክላ ነው፤ በተለይ ደግሞ ከስንት ዘመን በኋላ ድምፃቸው ጸድቶ እንደ አዲስ የታተሙትን።

ባለመስታወቱ በማግስቱ ጠዋት መጣ። ረጅም፣ ዝግ ያለ፣ እጆቹ ላይ ጥቃቅን የድሮ ጭረቶች ያሉበት ወጣት ነው። አዲሱን መስታወት በብርድ ልብስ ጠቅልሎ እንደ ሕፃን ታቅፎት ነበር የገባው። እሱ ሲሠራ እሷ አንድ ሸክላ ከፈተች፤ የአራት ልጆች ባንድ የመጀመሪያ አልበም። ባለመስታወቱ ሥራውን አቆመ። ራሱን ትንሽ ዘንበል አድርጎ ዘፈኑ እስኪያልቅ ቆሞ ሰማ። አይታው እንዳላየች ሆነች።

ሥራውን ሲጨርስ ያን አልበም መግዛት ይቻል እንደሆነ ጠየቃት። ሁለት ሸክላ አውጥታ አዲሱ መስታወት ላይ ጎን ለጎን አስቀመጠችለት። ሽፋኑ አንድ፣ ፎቶው አንድ፣ ጥጉ ላይ ያለችው ትንሽ ቃል ብቻ ነበር የምትለየው።

«ይሄኛው ስቴሪዮ ነው» አለችው። «ዘፋኙ በአንዱ ጆሮህ፣ ጊታሩ በሌላው ይመጣል። መሃላቸው የተቀመጥክ ነው የሚመስልህ። ይሄኛው ሞኖ ነው፤ ሁሉም ተደባልቆ አንድ ላይ ነው የሚመጣው።»

«ሞኖው ይሁንልኝ።»

ስቴሪዮውን ያጸዱት ሰዎች ምን ያህል እንደለፉበት ነገረችው። ሞኖው ጠባብ ክፍል ውስጥ እንደተዘጋበት ሰው እንደሆነ ነገረችው። ሰው ሁለት ጆሮ ኖሮት ለምን አንዱን ሥራ ፈት ያደርገዋል ስትል፣ እሱ ትንሽ ፈገግ አለና ሞኖውን ከፍሎ ወጣ።

«ግትር» አለች ከኋላው።

አባቷ ሰውዬው ከፍሎ እንደሄደ፣ ከዚህ በላይ ምን እንዲያደርግላት እንደፈለገች ጠየቋት። ሚጢ የተረፈውን ስቴሪዮ ወደ መደርደሪያው መለሰችው።

የሚቀጥለው ቅዳሜ ተመልሶ መጣ። ከዚያም በኋላ ቅዳሜ በመጣ ቁጥር መጣ። ሁልጊዜ ሞኖ ነው የሚገዛው፤ ሁልጊዜም ይከራከራሉ። እሱም ባዶ እጁን አልነበረም የሚከራከረው። በዚያ ዘመን ሰው ቤት ያለው ማጫወቻ ባለ አንድ ድምፅ ማጉያ ስለነበር ብዙ ባንዶች ሞኖው ሲሰናዳ ራሳቸው ተቀምጠው ይከታተሉ እንደነበር፣ ስቴሪዮውን ግን ለሌላ ሰው ጥለውት ይሄዱ እንደነበር ነገራት። እውነቱን ነው። እውነት መሆኑን ማወቋ የበለጠ አናደዳት። ሲቆይ ደግሞ ንዴቱ ወዴት እንደሄደ ጠፋባት፤ ቅዳሜ ጠዋት መስታወት ፊት የምትቆምበት ጊዜ እየረዘመ መምጣቱን ብቻ አስተዋለች።

አንድ ቀን አስቀምጣ ሄድፎን አደረገችለት። ዘፋኙ ያለ መሣሪያ ብቻውን የሚጀምርበትን፣ እሷ ደጋግማ ሰምታ የማትጠግበውን ዘፈን መረጠችለት። ፊቱን ጠበቀች። ፊቱ ግን ዘፈኑ ገና እንዳልጀመረለት ሰው ነበር፤ ዓይኑ መርፌዋ ላይ ተተክሎ ጊታሩ እስኪገባ ድረስ ምንም አልታየበትም።

«እንዴት ነው?» አለችው።

«ጥሩ ነው» አለ፤ ሄድፎኑን ቶሎ አወለቀ።

ጥሩ ነው። የታክሲ ወንበር ያሞገሰ ነበር የሚመስለው። ያን ቀን ሙሉ ቅር ብሏት ዋለች።

ያም ሆኖ መደብሩ ሲዘጋ እስከ አውቶቡስ ማቆሚያው ድረስ ይሸኛት ጀመር። ሲሄዱ ምንጊዜም በግራዋ በኩል ነበር የሚሆነው፤ እሷ ብትቀያይርም ዞሮ ቦታው ይመለሳል። በጨዋነት ቆጠረችለት። ስለ ሥራው፣ አብራው ስለምትኖረው ታላቅ እህቱ፣ ስለ እህቱ ሕፃን ልጅ ያወራታል። እሷ ስትናገር ፊቷን አይቶ፣ ከንፈሯን አይቶ ነው የሚሰማት። እንዲህ አድርጎ የሰማት ሰው አልነበረም።

በልደቱ ቀን እሱ ገና ያልገዛውን አልበም በስቴሪዮ ሰጠችው። አንድ ጊዜ እንኳ እኔ እንደምሰማው ስማው አለችው። አመስግኖ ተቀበላት፤ ከዚያ በኋላ ግን ስለ ሸክላው ትንፍሽ አላለም።

በዚህ መሃል ነው አክስቷ የደወሉት። በሌላ ከተማ ትልቅ የሙዚቃ መሣሪያ መደብር ከፍተዋል፤ የሚያስተዳድርላቸው የሥጋ ዘመድ ይፈልጋሉ፤ ቤቱም፣ ደመወዙም ተዘጋጅቷል። አባቷ ዕድል በር ሲያንኳኳ አይመለስም ዓይነት ነገር ተናገሩ። ሚጢ ላስብበት አለች። የምታስበው ግን ስለ መደብሩ አልነበረም። ባለመስታወቱ አንድ ቃል ቢናገር ነገሩ ሁሉ ያልቅ ነበር፤ እሱ ደግሞ ስለ ጥሪው ጨርሶ አልሰማም። ስለዚህ ራሷ ልትነግረው ቆረጠች።

ቅዳሜ ሲሸኛት መንገዱ ለቱቦ ተቆፍሮ አገኙት። ማለፊያው ጠባብ ነው። እሱ ወደ ጉድጓዱ በኩል እንዳትሆን እጇን ይዞ አሻገራትና፣ ለመጀመሪያ ጊዜ እሷ በግራው ሆና ይሄዱ ጀመር። መኪናው፣ የሠራተኛው አካፋ፣ ሁሉም ይጮሃል። እሷ ግን ልቧ ከዚያ ሁሉ በላይ እየጮኸ ነበርና አልታወቃትም። መሬት መሬት እያየች ተናገረች።

«አክስቴ ጋ ሄደሽ ሥሪ ተብያለሁ። ሂጂ ካልከኝ እሄዳለሁ። እኔ ግን መሄድ አልፈልግም፤ ካንተ መራቅ አልፈልግም። ቅሪ ካልከኝ እቀራለሁ።»

 ፊት ለፊቱን እያየ ጥቂት ተራመደ። ከዚያም ሰማዩን ቀና ብሎ አየ።

«ዝናቡ ሳይመጣ ብንፈጥን ይሻላል» አለ።

አውቶቡሱ ውስጥ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ ተቀመጠች። ሰው እምቢ ማለት ይችላል፤ አዝናለሁ ማለት ይችላል። እንዳልሰማ መሆን ግን ከየት የመጣ ጭካኔ ነው እያለች እስከ ቤቷ ድረስ አብሰለሰለችው። ማታ ለአባቷ መሄዷን ነገረቻቸው። አባቷ ደግ አደረግሽ ልጄ አሉና የጸዳውን ሸክላ መልሰው መላልሰው ማጽዳት ጀመሩ።

በቀጣዩ ቅዳሜ ከኋላ ክፍል አልወጣችም። ባለመስታወቱ መጥቶ ሲጠይቅ፣ አባቷ ወደ አክስቷ ልትሄድ መሆኑን ሲነግሩት፣ እሱም እንኳን ደስ አላት ሲል ሰማች። ምንም ሳይገዛ ሄደ። እሷም ልብሷን ሻንጣ ውስጥ መክተት ጀመረች።

ከዚያ በኋላ ነው አንዲት ሴት ሕፃን ታቅፋ፣ በሌላ እጇ ያንን የስጦታ ሸክላ ይዛ ወደ መደብሩ የገባችው። እህቱ መሆኗ ከዓይኗ ያስታውቃል።

«የኔ እህት፣ ይቅርታ አድርጊልኝ» አለች። «ወንድሜ እዚህ መምጣቴን አያውቅም። ይሄን በሞኖው ትለውጪልኝ እንደሆን ብዬ ነው።»

ሚጢ ፊቷ ቀዘቀዘ። ካልወደደው መለወጥ እንደሚቻል በደረቁ ነገረቻት።

«ኧረ ወዶታል፤ ችግሩ እሱ ነው እንጂ። ልጄ እንዳይነቃ በሄድፎን ነው የሚሰማው። እያንዳንዱን ዘፈን ሁለት ሁለት ጊዜ ያደርገዋል። መጀመሪያ እንዲሁ፣ ከዚያ ሄድፎኑን አገላብጦ። አንዴ ጊታሩን፣ አንዴ ዘፋኙን። ምነው እንዲህ ትደክማለህ ብለው፣ እሷ እንደምትሰማው ልሰማው ቃል ገብቻለሁ ይለኛል። እኔ አሳዘነኝ። ሞኖው ቢሆን በአንድ ጆሮው ሁሉንም ይሰማ ነበር።»

«በአንድ ጆሮው?»

እህትየው ደነገጠች። ልጇን ከትከሻ ወደ ትከሻ አዛወረች።

«አልነገረሽም እንዴ? በግራው እኮ አይሰማም። ልጅ ሆኖ ታሞ ነው የቀረው።»

ሚጢ እጇን መስታወቱ ላይ አሳርፋ ቆመች። ሄድፎኑ መጣባት፤ ያ ብቻውን የሚጀምረው ዘፋኝ፣ በግራ በኩል። ምንም አልሰማም ነበር። ቀጥሎ የተቆፈረው መንገድ መጣባት፣ እሷም የቆመችበት ጎን። ደረቷ ላይ ተቀምጦ የሰነበተው ድንጋይ ተንከባሎ ሲወርድ ተሰማት፤ ወንበሩን ስባ ተቀመጠች። እያለቀሰች ትስቅ ነበር። እህትየው ምን እንዳጠፋች ግራ ገባት። ሚጢ ተነሥታ ጉንጯን ሳመቻት፣ የሕፃኑንም ሳመች፣ አባቷን መጣሁ አለቻቸውና ወጣች።

እሱ የሚሠራበት የመስታወት መቁረጫ ቤት ግድግዳው ዙሪያውን የፊት መስታወት ነው። ስትገባ ራሷን በየአቅጣጫው አየች፤ ፀጉሯ እንዳልተበጠረም አየች። እሱ ምንጣፍ በለበሰ ሰፊ ጠረጴዛ ላይ ጎንበስ ብሎ መቁረጫውን በማስመሪያ ጠርዝ እየጎተተ ነበር። ዞራ በቀኙ ቆመች።

«ለምን አልነገርከኝም?» አለችው። «ስለ ጆሮህ።»

መቁረጫውን አስቀመጠ። እህቴ ናት አለ ለራሱ። ከዚያ ለጥቂት ጊዜ እጁ ላይ ያለውን የመስታወት ብናኝ ሲጠርግ ቆየ።

«ሙዚቃ ነው ሥራሽ» አለ። «በግማሹ የሚሰማ ሰው ምን ያደርግላታል ብዬ ፈራሁ። በየሳምንቱ እነግራታለሁ እላለሁ፣ አንቺ ስትከራከሪኝ ደግሞ ደስ ይለኛል። ይሄው ሳልነግርሽ ልትሄጂ ሆነ።»

«የተቆፈረው መንገድ ላይ አንድ ነገር ነግሬህ ነበር። በግራህ ሆኜ።»

ፊቱ ተለዋወጠ። «ምን ብለሽ?»

እየመጣች ሳለች በልቧ ስታጠናው የነበረው ሁሉ ጠፋባት። ስለዚህ ያኔ ያለችውን እንዳለ ደገመችለት። አሁን መሬት መሬት አላየችም። ሲሰማት አየች፤ እያንዳንዱ ቃል ሲደርሰው አየች። 

«ቅሪ ብዬ ላዝሽ አልችልም» አለ በመጨረሻ። «አክስትሽ ጋ የሚጠብቅሽ ትልቅ ነገር ነው። ግን ከጠየቅሽኝ፣ እንድትሄጂብኝ አልፈልግም። አባትሽ ከነገሩኝ ቀን ጀምሮ ስንት መስታወት እንዳበላሸሁ አሠሪዬን ጠይቂው።»

አሠሪው ከኋላ ክፍል ሆኖ ቆጥሮ አይጨርሰውም አለ። ሁለቱም ሳቁ። እጇን ያዘ፤ ብናኝ እንዳይወጋት ቀስ ብሎ ያዘ።

ለአክስቷ የደወለችው በፍርሃት ነበር። አክስቷ ግን ተመስገን አሉ። የባላቸው የወንድም ልጅ ቦታውን ካልሰጣችሁኝ ብሎ ቤቱን በኩርፊያ ሞልቶት ኖሯል፤ እሳቸው ደግሞ ከአፌ የወጣ ቃል ነው ብለው ጨንቋቸው ሰንብቷል። አባቷም ወሬውን ሲሰሙ ሻንጣዋን ራሳቸው ተሸክመው ወደ ክፍሏ መለሱት፤ ያን ሌሊት ደግሞ ስንት ጊዜ ሲገላበጡ የሰነበቱት ሰውዬ እስከ ረፋዱ ድረስ ተኙ።

ጥቂት ወራት ቆይቶ ባለመስታወቱ ከእህቱ ጋር ወደ ቤታቸው መጣ። ለምን እንደመጡ ሁሉም ያውቃል፤ ሁሉም ግን እንዳላወቀ ሆኖ ስለ ቤት ኪራይና ስለ አየሩ ሲያወራ ቆየ። ሚጢ ለአባቷ ስለ ጆሮው የነገረቻቸው እንግዶቹ ሊገቡ ሲሉ ነበር። አባቷ ነገሩን በጥሞና ይዘውታል። እሱ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ «ጋሼ፣ ልጅዎን ላገባ ፈቃድዎን ልጠይቅ ነው የመጣሁት» ሲል ከወንበራቸው ተነሡ። አጠገቡ ሄደው፣ በደህናው ጆሮው በኩል ጎንበስ ብለው፣ ባላቸው ድምፅ ሁሉ መለሱለት።

«ልጄን ሰጥቼሃለሁ! ፈቅጃለሁ! ሰማኸኝ?»

በእህቱ እቅፍ የተኛው ሕፃን ነቅቶ አለቀሰ። ባለመስታወቱ ጆሮውን በእጁ ይዞ፣ ሰምቻለሁ ጋሼ፣ ሰምቻለሁ አለ። ሚጢ ሳቋ አላናግር ብሏት ጠረጴዛው ላይ ተደፋች።

ከላይኛው ፎቅ መስኮት ሲከፈት ተሰማ።

«እንኳን ደስ ያላችሁ» አለች ጎረቤታቸው።