አራተኛው ጆሮ

የደብረ ብርሃኗ ስልከኛ አስካለማርያም ወደ ፖሊስ ጣቢያው የገባችው ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ነው። በዚያ በ1970 ዓ.ም. ሰኔ፣ ሰው አፉን ይዞ ሲመጣ መቶ አለቃ ወልደአረጋይ ቀድሞ መፍራትን ለምዷል።

«የአንኮበሩ ስልከኛ ጋሽ ወልደተንሣኤ ትናንት ሞቷል» አለችው። «እያነጋገረ ሳለ መብረቅ መታው። ከአሊዩ አምባ ነጋዴውን ዓብዱን ይዘውታል፤ አስገደለው ብለው። ነገ ቅዳሜ ገበያው መሀል እርምጃ ይወሰድበታል።»

«በመብረቅ ሰው አስገደለ ይባላል እንዴ?»

«በዚህ ዘመን የማይባል ምን አለ?» ካለች በኋላ ክው አለች። «ምንም አላልኩም፣ መቶ አለቃ።»

«እኔም አልሰማሁም። ቁጭ በይና ከመጀመሪያው ንገሪኝ።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ከደብረ ብርሃን ተነሥቶ በአንኮበር በኩል አሊዩ አምባ የሚወርደው የስልክ ሽቦ አንድ ብቻ ነው። አራት ስልኮች ይጋሩታል፤ አንዱ የአስካለማርያም፣ አንዱ የወልደተንሣኤ፣ አንዱ በአንኮበር የካድሬው ጽሕፈት ቤት፣ አንዱ የዓብዱ ሱቅ። ያነሣ ሁሉ የሁሉንም ይሰማል። ድሮ የገብስ ዋጋ፣ የማን ሚስት ወለደች፣ የማን በቅሎ ጠፋች ይወራበት ነበር። ደመናው ከቆላ ስለሚነሣ ቀድሞ የሚያየው ዓብዱ ነው፤ «ሰማዩ ጠቁሯል፤ ዝጉ!» ሲል ሁሉም ዘግቶ ከስልኩ ይርቃል፤ መብረቅ በሽቦ ይገባልና። ዓመት በማይሞላ ጊዜ ውስጥ ግን ስም የሌለው አንድ ድምፅ መስመሩ ላይ መጣ።

«መጀመሪያ መንግሥትን ይሳደባል» አለች አስካለማርያም። «'ልክ ነህ' ያለው ሰው በዚያው ሳምንት ይወሰዳል። ከዚያ ሰው እርስ በርሱ ተጠራጠረ። ስለ ገብስ ስትጠይቅ 'ለማን ልታከማች ነው?' ትባላለህ። ዓብዱን ሰርጎ ገብ፣ ጋሽ ወልደተንሣኤን የደብተራ ፊውዳል እያለ አናከሳቸው። እነሱም ቃሉን ተቀብለው ይሰዳደቡበት ጀመር።»

«ትናንትስ?»

«እየተሰዳደቡ ሳለ ዓብዱ 'ሰማዩ ጠቁሯል፤ ዝጉ' አለ። ያ ድምፅ 'መጀመሪያ የሚዘጋ አድሃሪ ነው!' አለ። እኔ መብረቅ እፈራለሁ፤ ዘጋሁ።»

«ስንት ሰው ነበር መስመሩ ላይ?»

«አራት። ስልክ በተነሣ ቁጥር ድምፅ ይደክማል፤ እኛ እናውቀዋለን።»

«ድምፁ የማን ነው?»

«በጨርቅ ያፍነዋል። ጋሽ ወልደተንሣኤ ግን ረቡዕ ለብቻችን ስናወራ 'አወቅሁት፤ ቅዳሜ ገበያ መሀል በስሙ እጠራዋለሁ' ብሎኝ ነበር።»

በዚያ መስመር ላይ ለብቻ የሚባል ነገር የለም ሲል መቶ አለቃው አሰበ።

አንኮበር ሲደርስ ከተማዋን ጉም ውጧታል። ወልደተንሣኤ ፖሊስ ሳያየው እንዳይነሣ ተብሎ እስካሁን ከወንበሩ እንደወደቀ በጎኑ ተኝቷል፤ ጆሮውና አንገቱ ጠቁሯል፤ የስልኩ ሣጥን ግድግዳው ላይ ከስሏል። መቶ አለቃው ቀኝ እጁን ኪሱ ውስጥ ከተተ። ከእሱ በፊት የነበረው የጣቢያ አዛዥ ለስብሰባ ተጠርቶ ከቀረ ወዲህ ያቺ እጁ ትንቀጠቀጣለች፤ ሰው እንዲያይበት አይፈልግም።

ሬሳው አጠገብ የቆመው የመስመር ጠጋኙ ኃይለ ገብርኤል ነው፤ ፊቱ አመድ መስሏል።

«መብረቅማ በየክረምቱ ይመጣል» አለ። «ለዚህ እኮ ነው የመሬት ሽቦ የምንቀብረው። መብረቁን ወደ አፈር ይስበዋል። ሰውየው ሳይዘጋ ቢያገኘው እንኳ ያደነቁረዋል እንጂ እንዲህ አያከስለውም።»

«ይኸኛው የመሬት ሽቦ የት አለ?»

ከቤቱ ጀርባ ሄዱ። ሽቦው ከክዳኑ ክፈፍ ሥር፣ ዝናብ በማያገኘው በኩል ወርዶ መሬት ይገባል። መቶ አለቃው ጎንበስ ብሎ ሲያይ ከግድግዳው ሥር በመዳፍ የተለጠፈ ጭቃ አገኘ፤ የጣት አሻራ ሳይቀር ደርቆበታል። ፈቀፈቀው። ከጭቃው ሥር ሽቦው ለሁለት ተበጥሷል፤ ጫፉ እንደ ተቀጠቀጠ ምስማር ተጨፍልቋል። አጠገቡ ያለው ድንጋይ ላይ የመዳብ ጭረት ያብረቀርቃል።

ኃይለ ገብርኤል ወደ ኋላ አፈገፈገ። «አለቀልኝ። በየእንጨቱ ላይ ወጥቼ በሙከራ ስልክ የማዳምጥ እኔ ነኝ። በእኔ ነው የሚያላክኩት። ልጆች አሉኝ፣ ጌታዬ።»

«ፒንሳህን አምጣው።»

መቶ አለቃው ከሽቦው ጫፍ ጥቂት ቆረጠና አየው። አቆራረጡ እንደ ቢላ የጠራ ነው። ቁራጩን ኪሱ ከተተና ተመለሰ።

ካድሬው ብርሃነ መስቀል በሩ ላይ ቆሞ ጠበቀው፤ ካኪ ለብሷል፣ ሽጉጡ ከኮቱ ውጪ ነው።

«ጓድ መቶ አለቃ፣ ምኑን ነው የምትመረምረው? ነገሩ ግልጽ ነው።»

«ለወጉ ያህል ነው፣ ጓድ። የዓብዱ ጥፋት ምን ተባለ?»

«ደመናውን እያየ በጭቅጭቅ ያዘው። በዚያ ላይ ዝቶበታል። 'ወለተሐናን አስብ' ነው ያለው። ወለተሐና የሟቹ ልጅ ናት። የሰው ልጅ ስም እየጠሩ አስብ ማለት ምን ማለት ነው?»

«ከባድ ነው። እርስዎ ያን ጊዜ የት ነበሩ?»

«ማሳ ላይ፣ ስብሰባ። ጽሕፈት ቤቴ ተቆልፎ ነበር።» ያን ስብሰባ ማን አየ ብሎ የሚጠይቅ አንደበት በአንኮበር አልነበረም። ካድሬው ሊሄድ ሲል ዞር አለ። «ከነገ ገበያ በፊት ጨርስ። አንተም እኮ የድሮ ሰው ነህ፣ መቶ አለቃ።»

ዓብዱ የታሰረው እህል ማከማቻ ውስጥ ነው። ከንፈሩ አብጧል፤ እግሩን መዘርጋት አልቻለም።

«በመጨረሻ ምን አልከው?» ሲል ጠየቀው መቶ አለቃው።

«እስካሁን የጠየቀኝ የለም። ዱላ ብቻ ነው።»

«እኔ ጠየቅሁህ።»

ዓብዱ ግድግዳውን ተደግፎ ቀና አለ። «አስካለማርያም ስትዘጋ ድምፁ ትንሽ ጠራ፤ አወቅሁ። 'ወልደተንሣኤ፣ የተባባልነው ይቅር፤ በአላህ ይዤሃለሁ፣ ወለተሐናን አስብ፤ ዝጋ' አልኩት። 'የሰርጎ ገብ ምክር አልሰማም' አለኝ። ከዚያ ዘጋሁ፤ ወዲያው ሰማዩ ተሰነጠቀ።» እንባው ባበጠው ጉንጩ ላይ ወረደ። «የሠርጌ ሚዜ ነበር እኮ። ያን ቃል ማን አስተማረብኝ?»

መቶ አለቃው ከክፍሉ ሲወጣ ነገሩ ሁሉ ገብቶታል፤ ሳይገባው ቢቀር በወደደ። ነፍሰ ገዳዩን ክፍል ውስጥ ፊት ለፊት ቢከሰው በጥይት ጥሎት «ሊያመልጥ ሲል» ይልበታል። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም እያለ ራሱን መከረ። ግን ዝም ካለ ነገ ዓብዱ ይሞታል። ሌሊቱን እንቅልፍ በዓይኑ ሳይዞር ነጋ።

ጠዋት ኃይለ ገብርኤልን የሙከራ ስልኩን በተቃጠለው ስልክ ቦታ እንዲሰካ አዘዘውና ለአስካለማርያም ደወለ። «የአውራጃውን አስተዳዳሪ አጠገብሽ አስቀምጪ። መስመሩ ላይ ሲሰድባቸው የከረመውን ሰው ስም እነግራቸዋለሁ በይልኝ።» ቀጥሎም ዓብዱን ከነካቴናው አስመጣና ደወሉን አዙሮ ሌሎቹን ሦስት ስልኮች ጠራ። በአሊዩ አምባ የዓብዱ ሚስት ኩብራ አነሣች። በካድሬው ጽሕፈት ቤትም አንድ ሰው ምንም ሳይናገር አነሣ፤ ድምፁ ደከመ።

አራት ብሎ ቆጠረ መቶ አለቃው።

«ጓድ አስተዳዳሪ፣ ወልደተንሣኤን የመታው መብረቅ ነው፤ መብረቁን ያስገባለት ግን ሰው ነው። የመሬት ሽቦው በድንጋይ ተቀጥቅጦ ተበጥሷል፤ በጭቃም ተሸፍኗል። ፒንሳ የያዘ ሰው ድንጋይ አያነሣም። ስለዚህ ጠጋኙ አይደለም።»

«ቀጥል» አለ አስተዳዳሪው።

«ሽቦው ብቻ አይበቃም፤ ሰውየው ስልኩን እንዳይዘጋም ማድረግ ያስፈልጋል። 'መጀመሪያ የሚዘጋ አድሃሪ ነው' የተባለው ለዚሁ ነው። አስካለማርያም፣ ከመዝጋትሽ በፊት መጨረሻ የሰማሽው ምንድን ነው?»

«'የሚዘጋ አድሃሪ ነው' የሚለውን።»

«ስለ ወለተሐና የተነሣ ነገር ነበር?»

«አልሰማሁም።»

«ዓብዱ 'ወለተሐናን አስብ፤ ዝጋ' ብሎ የለመነው አንቺ ከዘጋሽ በኋላ ነው። ያን ቃል የሰሙት ሦስት ሰዎች ናቸው። አንዱ ሞቷል። ዓብዱን ደግሞ እስከ ትናንት ድረስ የደበደበው እንጂ ቃሉን የጠየቀው የለም። የቀረው ያ ድምፅ ነው። ትናንት አንድ ሰው ማሳ ላይ ነበርኩ እያለኝ ይህንኑ ቃል ነገረኝ፤ ልመናውን ግን ዛቻ አድርጎ ሰምቶታል። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፣ ጓድ ብርሃነ መስቀል።»

ሽቦው ላይ የሰው ትንፋሽ ብቻ ይሰማል።

«እኔን ደም መጣጭ ያለው ያ ድምፅ?» አለ አስተዳዳሪው፤ ድምፁ ቀጥኗል። ፍርሃት እሱንም እንደያዘው መቶ አለቃው አወቀ።

«እሱ ነው። የሚሰድበው የሚስማማውን ለማጥመድ ነበር። ረቡዕ ወልደተንሣኤ 'በስሙ እጠራዋለሁ' ሲል አዳምጦ ሰማው። ስሙ ከታወቀ እርስዎም እንደማይምሩት ያውቃል። ጓድ ብርሃነ መስቀል፣ መስመሩ ላይ ነዎት፤ መልስ ካለዎት ይናገሩ።»

ድንገት የሁሉም ትንፋሽ ጎልቶ ተሰማ፤ የአስካለማርያም ወንበር ሲንቋቋ ሳይቀር በጆሮው ገባ።

«ዘጋ» አለች አስካለማርያም በሹክሹክታ። «መጀመሪያ የሚዘጋ…» ጀምራ ተወችው።

«ዓብዱን ፍቱት» አለ አስተዳዳሪው። «ያንን ያዙት። አሁኑኑ!»

ካቴናው ሲከፈት ዓብዱ ጆሮውን ወደ ስልኩ አስጠጋ። ከቆላ የኩብራ ድምፅ መጣ፤ ታለቅሳለች፣ ግን የመስመሩን ወግ አልረሳችም።

«ሰማዩ እየጠቆረ ነው» አለች። «እባካችሁ ዝጉ።»

ማንም አልዘጋም። ደብረ ብርሃን ዝም፣ አሊዩ አምባ ዝም፤ ሁሉም መጀመሪያ ላለመዝጋት ትንፋሹን ይዟል። ነጎድጓዱ ከሩቅ ማጉረምረም ጀመረ።

«እኔ ልቅደም» አለ መቶ አለቃ ወልደአረጋይ፤ በሚንቀጠቀጠው እጁም ስልኩን ዘጋ።