አዳማጮቹ ቤታችን መጡ

ይህ ፈጠራ ነው የምትሉ ትኖራላችሁ። አልፈርድባችሁም። እኔም በእናንተ ቦታ ብሆን አላምንም ነበር።

ግን ሆኗል... በእኔ ላይ፣ በገዛ ቤቴ፣ በጠራራ ፀሐይ።

ነገሩ የጀመረው ቅዳሜ ከሰዓት፣ ወደ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ነው። ቦታው የመነጽር ሱቄ የኋላ ክፍል።

ሥራዬ የመነጽር መስታወት መቁረጥና ፍሬም መጠገን ነው። ቅዳሜ ግማሽ ቀን ሠርቼ እዘጋለሁ። ማሽኑን በጨርቅ እሸፍንና የመስታወቱን ብናኝ ከጠረጴዛው ላይ እጠርጋለሁ። ከዚያ ለአራት ሆነን እንጫወታለን።

ጨዋታው ቀላል ነው። አንዱ ተረት ያወራል፣ ሌሎቻችን የተረቱን ሰዎች እንሆናለን። አንዱ ጦረኛ፣ አንዱ ጠንቋይ፣ አንዱ ሌባ። ያሰብነው መሳካት አለመሳካቱን ዳይስ፣ ያንን ባለ ነጥብ የመጫወቻ ጠጠር፣ ወርውረን እናያለን።

ተራኪያችን ፋርማሲስቱ ነበር። መድኃኒት ቤቱ ከሱቄ ቀጥሎ ነው። ድምፁን ከፍ አድርጎ ተናግሮ አያውቅም።

ሁለተኛው ኤሌክትሪሻኑ ጓደኛዬ ነው። ሳቂታው እንለዋለን። ሲስቅ ግድግዳ ያንቀጠቅጣል። ያንን ሳቅ ከሟቹ አባቱ ነው የወረሰው ይላሉ።

ሦስተኛዋ ባለቤቴ ናት። አዋላጅ ነርስ ነች። እናቷ ከሞተች ገና ጥቂት ወራት ቢሆን ነው። ወደ ጨዋታው ያመጣኋት ትንሽ እንኳ ትሳቅልኝ ብዬ ነበር።

የዚያን ቀን ፋርማሲስቱ አዲስ ጠላት አመጣልን። ጥቁር ካባ የለበሱ፣ ዋሻ ውስጥ ደም የሚጠጡ፣ ዓለምን ሊያጠፉ የተማማሉ ሰዎች።

ሳቂታው ፈነዳ። "ዓለምን ካጠፏት በኋላ የት ሊከራዩ ነው?"

"በዚህ ሙቀት ደግሞ ካባ!" አልኩ እኔ።

ባለቤቴ ግን አልሳቀችም።

"እንደዚህ ዓይነት ክፉ የለም" አለች። "ደም ጠጣ ሲሉት እሺ ብሎ የሚገባ ማን ነው? እኔን ሊወስደኝ የፈለገ ሰው ቢላ ይዞ አይመጣም።"

"ታዲያ እንዴት ነው የሚመጣው?" አለ ፋርማሲስቱ በዝግታ።

ዳይሱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

"እማዬ የሞተች ሰሞን ቤቱ በሰው ተሞላ። ከዚያ ሁሉም ወደየቤቱ ሄደ። ያ ሁሉ ዕቃ ማጠቢያው ላይ ተቆልሎ... ቆሜ አየሁት። የዚያን ጊዜ አንድ ሰው መጥቶ፣ ምንም ሳይጠይቀኝ ያንን ሳህን ቢያጥብልኝ... ከዚያ ቁጭ ብሎ ቢያዳምጠኝ... ገደል ግቢ ቢለኝም እገባ ነበር።"

ይህን ለእኔ ነግራኝ አታውቅም።

ፋርማሲስቱ ዳይሱን ሰበሰበ። "እሺ" አለ። "ለሚቀጥለው ቅዳሜ የምታምኑትን አመጣለሁ።"

አመጣም።

ስማቸው አዳማጮች ይባላል። ካባ የላቸውም። ቢላ የላቸውም። ሰው የሞተበት ቤት ይገባሉ፣ እጅጌያቸውን ሰብስበው ዕቃ ያጥባሉ፣ ከዚያ ቁጭ ይላሉ።

"ስለ ሟቹ ንገሩን" ይላሉ። አንተ ትነግራቸዋለህ። ይቀልልሃል። በማግሥቱም ይመጣሉ።

"የሚወስዱትስ ነገር?" አለ ሳቂታው።

"የነገርካቸውን" አለ ፋርማሲስቱ። "አንዴ ከነገርካቸው ያንተ አይደለም።"

እኛ እንግዲህ በጨዋታው ልናጠፋቸው ነበር የተላክነው።

ግን... ሁላችንም ማኅበራቸው ውስጥ ገባን።

አንድም ዳይስ ሳይወረወር። መጀመሪያ ባለቤቴ፣ ከዚያ ሳቂታው፣ በመጨረሻ እኔ። የእኔ ጦረኛ ሰይፉን በር ላይ አስቀምጦ ገባ። ማንም አላስገደደው።

"እንዴ! ጠላቶቹ እኛው ሆንን እኮ!" ብሎ ሳቂታው ጠረጴዛውን ደበደበ። ሳቅን።

ፋርማሲስቱ ብቻ አልሳቀም። ግንባሩን ላብ አጥምቆት ነበር።

በሳምንቱ መጀመሪያ ሳቂታው ሱቄ መጣ።

"ስለላካችኋቸው ሰዎች እግዜር ይስጥልኝ" አለኝ።

"የምን ሰዎች?"

"እነዚያ ናቸዋ... ዕቃ ያጠቡልኝ። አንድ ሴትና አንድ ወንድ። ስለ አባባ አወራኋቸው። ምን ልበልህ፣ ከላዬ ላይ ድንጋይ ነው ያነሱልኝ።"

ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ።

እሱ አልሳቀም።

"ምን ምን ነገርካቸው?" አልኩት።

አፉን ከፈተ። ዘጋው። እንደገና ከፈተ።

"ስለ... ረሳሁት" አለ።

ከዚያ ቀን በኋላ ሲስቅ ሰምቼው አላውቅም። ይሞክራል። አፉ ይከፈታል፣ ትከሻው ይንቀጠቀጣል... ድምፅ የለም።

ሮጬ መድኃኒት ቤት ገባሁ። ፋርማሲስቱ ደንበኛ እስኪወጣ ጠብቆ በባንኮኒው ላይ ወደ እኔ አዘነበለ።

"ይህን ተረት ለማን አወራህ?" አልኩት።

"ለማንም።"

"ከየት አመጣኸው?"

"አላውቅም" አለ በሹክሹክታ። "ያዘጋጀሁት ሌላ ነበር። ስለ ባሕር ወንበዴዎች። አፌን ስከፍት... ያ ወጣ።"

ሱቄን ዘግቼ ወደ ቤት ሄድኩ፣ የፎቁን ደረጃ ሮጬ ወጣሁ።

በሩ ገርበብ ብሏል። የሰው ድምፅ ይሰማል።

ወጥ ቤት ውስጥ አንድ ወንድና አንዲት ሴት ዕቃ ያጥባሉ። ደህና የለበሱ፣ መልካቸው የተረጋጋ፣ የትም የምታገኟቸው ዓይነት ሰዎች። ኩባያዎቹን አድርቀው የት የት እንደሚቀመጡ ሳይጠይቁ በየቦታቸው ያስቀምጣሉ።

ቧንቧው ተከፍቷል። ውሃው ሳህኑ ላይ ይወርዳል።

ድምፅ ግን የለውም።

ባለቤቴ ጠረጴዛው አጠገብ ተቀምጣ ስለ እናቷ ታወራለች። አንድ ሽማግሌ ደግሞ ከፊቷ ተቀምጠው ያዳምጧታል። ከንፈራቸው አብሯት ይንቀሳቀሳል። ጠጋ ብዬ አየሁ።

አብሯት አልነበረም። ቀድሟት ነው።

"ደህና ዋልክ ወንድማችን" አሉኝ ሽማግሌው።

"ከቤቴ ውጡ!"

"ይቅርታ፣ አስቸገርን" ብለው ተነሡ። ዕቃ አጣቢዎቹም እጃቸውን እንኳ ሳያደርቁ ተከትለዋቸው ወጡ። እጃቸው ግን... እርጥብ አልነበረም።

"ምን አደረጉህ?" ብላ ጮኸችብኝ ባለቤቴ። "ከስንት ጊዜ በኋላ ገና ዛሬ ቢቀልለኝ!"

"ምን ነገርሻቸው?"

"ስለ እማዬ ድምፅ። እንዴት አድርጋ እንደምትጠራኝ።"

"እስኪ ለእኔም ንገሪኝ። እንዴት ነበር የምትጠራሽ?"

አየችኝ። ግንባሯን ቋጠረች።

"ማን?"

የበሩን ቁልፍ ቀየርኩ። እሷ ከፈተችላቸው። ለመንኳት። "እሺ" አለችኝ፣ መልሳ ከፈተችላቸው።

ፖሊስ ጣቢያ ሄድኩ። ተረኛው ፖሊስ እስክጨርስ ታግሦ አዳመጠኝ።

"ሰረቁህ?"

"አይ።"

"ደበደቡህ?"

"አይ... ዕቃ አጠቡ።"

"ወንድሜ" አለ እስክሪብቶውን አስቀምጦ፣ "አድራሻቸውን ካገኘህ እባክህ ወደ እኔም ቤት ላክልኝ።" ጓደኞቹ ሳቁ።

ታላቅ ወንድሟ ጋ ሄድኩ። "ጋሼ፣ እህትዎን ይምከሯት" አልኩ።

"ምን ብዬ ልምከራት?" አሉኝ። "እህል አልቀምስ ያለች ልጅ ዛሬ ትበላለች። ትተኛለች። ፊቷ ወዝ አገኘ። አንተን ቅር ያሰኘህ ምኑ ነው? ደስታዋ?"

ሆድ ይፍጀው ብዬ ተመለስኩ።

የቀረኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር። ጨዋታው።

ቅዳሜ ሁላችንንም ሰበሰብኩ። ባለቤቴ ደስ ብሏት መጣች። ሳቂታው አጠገቧ ተቀመጠ።

"ግደላቸው" አልኩት ፋርማሲስቱን በጆሮው። "አንተ አይደለህ ያመጣሃቸው? ተርካቸውና ጨርሳቸው።"

ፋርማሲስቱ ዳይሱን ወደ ጎን ገፍቶ ጀመረ። "እሳት ተነሣ... አዳማጮቹ ያሉበት ቤት ተቃጠለ። አንድም ሳይቀር..."

"አልሞቱም" አለ ሳቂታው።

"ሞተዋል። ተራኪው እኔ ነኝ።"

"አልሞቱም" አለች ባለቤቴ፣ ለሕመምተኛ በምትናገርበት ለስላሳ ድምፅ። "እኛ እኮ ነን። ይኸው ቁጭ ብለናል።"

ፋርማሲስቱ ጭንቅላቱን ጠረጴዛው ላይ ደፍቶ አለቀሰ። ሁለቱም ወደ እሱ ዘወር አሉ።

"ንገረን" አሉት እኩል።

እጁን ይዤ አወጣሁት። በማግሥቱ መድኃኒት ቤቱ አልተከፈተም። የት እንደሄደ እስከ ዛሬ የሚያውቅ የለም።

አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ ባለቤቴ የእናቷን ፎቶ ከግድግዳው አውርዳ ታየዋለች።

"ይህቺ ሴትዮ ማን ናት?" አለችኝ። "ደግ ትመስላለች።"

አጠገቧ ተቀመጥኩ።

"ስለ እሷ አልቋል መሰለኝ" አለች። "አሁን ስለ አንተ ጀምሬያለሁ።"

"ስለ እኔ? እኔ እኮ አልሞትኩም!"

"እሱን ነገርኳቸው።"

"እና... ምን አሉሽ?"

"ምንም አይደለም አሉኝ።"

ሥራ መሄድ አቆምኩ። ቀኑን ሙሉ በሩን ተደግፌ እቀመጥ ጀመር። ማንም አልመጣም። እሷ ግን መኝታ ቤት ሆና ስታወራ ትሰማለች... ለብቻዋ። ስለ ሠርጋችን። ስለ መጀመሪያው ኪራይ ቤታችን። ሮጬ ስገባ ዝም ትላለች።

እኔን የምታይበት ዓይን በየቀኑ ይርቅ ነበር። በመጀመሪያ ስሜ ጠፍቶባት ትፈልገዋለች። ከዚያ እንድነካት አትፈልግም። ከዚያ "አንተ" ማለት ትታ "እርስዎ" አለችኝ።

ያቺ "እርስዎ"... ከጥይት ትብሳለች።

እጇን ይዤ አለቀስኩ። መዳፌን መታ መታ አደረገች፣ ምጥ የያዛትን ሴት እንደምታባብል። "አይዞዎት" አለችኝ። "ያልፋል።"

አንድ ቀን ጠዋት ስነሣ አልጋው ባዶ ነበር። ልብሷ አለ። ጫማዋ አለ። እሷ የለችም። የምትሠራበት ሆስፒታልም፣ ወንድሟ ጋም ያያት የለም።

ያልፈለግኩበት ቦታ የለም።

ትናንት፣ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ በሩ ተንኳኳ።

ከፈትኩ።

ባለቤቴ ናት። እጅጌዋን እስከ ክርኗ ሰብስባለች። ፊቷ የተረጋጋ፣ ፈገግታዋ የሰው ቤት ስትገባ የምታሳየው ፈገግታ።

"ደህና ዋሉ ወንድማችን" አለችኝ። "ባለቤትዎ እንዳረፉብዎት ሰምተን ነው የመጣነው።"

በአጠገቤ አልፋ ወደ ወጥ ቤት ገባች። ለቀናት ሳይታጠብ የተቆለለውን ዕቃ አየችና ቧንቧውን ከፈተች። እኔ በሩን እንደያዝኩ ቀረሁ።

"ይቀመጡ" አለችኝ ጀርባዋን እንደሰጠችኝ። "ምን ዓይነት ሴት ነበሩ?"

በሩን ልዘጋ ዞርኩ።

ከደጃፌ ጀምሮ እስከ ምድር ቤት ድረስ፣ በእያንዳንዱ ደረጃ ላይ አንድ አንድ ሰው ተቀምጧል። ሽማግሌ፣ ወጣት፣ ሕፃን ያቀፈች እናት። ሁሉም ፊታቸውን ወደ እኔ ቀና አድርገው፣ ትንፋሻቸውን ውጠው...

እስክጀምር ይጠብቃሉ።