ያንችው ስም ይበቃኛል

ልጆቼ፣ የምጽፍላችሁ ተረት አይደለም። ባለፈው ግንቦት፣ ማክሰኞ ዕለት፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ እዚሁ ጎንደር አንድ ጤና ጣቢያ ውስጥ በእኔ በማናዬ ላይ የደረሰ ነው። የጤና ጣቢያውን ስም አልጠራም።

ፀሐይ ነበረች። ግቢው በሰው ተሞልቷል። ጨለማ የለ፣ ምን የለ...

ይብስ ያስፈራኝም እሱ ነው።

እግሬን እሾህ ወግቶኝ አመርቅዞብኝ ነበር። ነርሱ ምስጋናው ቁስሉን አየና መርፌ ያስፈልግዎታል አለኝ። የምን መርፌ ብለው ፔኒሲሊን ነው አለ።

ፔኒሲሊን ደግሞ ለእኔ ሞቴ ነው። በልጅነቴ አንዴ ተወግቼ፣ ጉሮሮዬ አብጦ፣ ትንፋሽ አጥቼ፣ ከመቃብር አፋፍ ነው የተመለስሁት። ይህንኑ ነገርሁት።

ፋይሌን ገለጥ አድርጎ ፈገግ አለ።

«እማማ፣ እኛው ጋ ሦስት ጊዜ ተወግተዋል እኮ። ምንም አልሆኑም።»

እኔ እዚያ ቤት መርፌ ተወግቼ አላውቅም።

ምስጋናው ሸጋ ልጅ ነው፣ አልተከራከረኝም። የሞላውን መርፌ ትሪው ላይ አስቀምጦ፣ ካርድ ክፍል ሄጄ እንዳጣራ ላከኝ።

እያነከስሁ ስሄድ አንድ ነገር ትዝ አለኝ...

አምና ነው። በዚያው ግቢ አንዲት ሴት መሬት ላይ ተቀምጣ በትኩሳት ትንቀጠቀጣለች። ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ተከናንባለች። ከመካነ ብርሃን መጣሁ፣ ካርድ የለኝም አለችኝ። አንጀቴን በላችኝና የራሴን ካርድ አዋስኋት። ምን ክፋት አለው ብዬ...

ሳይመሽ መለሰችልኝ፤ በሁለት እጇ። ለመሆኑ ስምሽ ማነው አልኋት።

«ያንችው ስም ይበቃኛል፣ እህቴ።»

ያን ጊዜ ስቄ ነበር።

ካርድ ክፍል ያለችው የትናየት ጠንቃቃ ልጅ ናት። ስሙ የሚመሳሰል ሰው ብዙ ነው፤ እኛ አሮጊቶች ደግሞ የተወለድንበትን ቀን አናውቅም። ስለዚህ መጀመሪያ ካርድ ስናወጣ የክርስትና ስማችንን በጆሮዋ እንነግራታለን። ካርዴ ጠፋብኝ ብሎ የመጣ ሰው ያንን ካልመለሰ ፋይል አታወጣለትም።

የእኔን ከሟች እናቴ፣ ከንስሐ አባቴና ከእሷ በቀር የሚያውቅ የለም። ለእናንተም አልጽፈውም።

ፋይሉን አገላበጠች። ፊቷ ተለዋወጠ።

«እማማ... መርፌ ተወጉ በተባለባቸው በእነዚህ ሦስት ቀኖች አልመጡም?»

«አልመጣሁም።»

ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ካርዴ ጠፋብኝ ያለች ሴት ናት። ተከናንባ ነበር... ብርድ መስሎኝ ፊቷን ግለጭ አላልኋትም። ግን የክርስትና ስሟን ጠይቄያታለሁ። ሦስቱንም ጊዜ።»

«መለሰች?»

«መለሰች።»



ሴትዮዋ የፈረመችበትን አሳየችኝ። የአውራ ጣት አሻራ ነው፤ እዚያ ሁሉም በጣቱ ነው የሚፈርመው። መሐሉ ላይ ነጭ ሰረዝ አለ... እንደ ጠባሳ።

እኔም አውራ ጣቴን ማጭድ የቆረጠኝ ጠባሳ አለብኝ። እዚያው ላይ።

የትናየት ያንን ፋይል ዘጋችው። መታወቂያዬን ከፊቴ ጋር አመሳከረች። በአዲስ ቁጥር አዲስ ፋይል ከፈተችና ላዩ ላይ በቀይ «ፔኒሲሊን ክልክል» ብላ ጻፈች። አውራ ጣቴን ሰማያዊ ቀለም ቀብታ አስፈረመችኝ።

«ካርድዎን ለማንም እንዳያውሱ። ለወለዱትም ቢሆን» አለችኝ።

እናንተም ስሙኝ፣ ልጆቼ። ለማንም።

ፋይሉን ራሷ ለምስጋናው እስክትሰጠው ድረስ መርፌ ክፍል እንዳልገባ አስጠነቀቀችኝና ኃላፊዋን ልታስፈርም ሄደች። እኔ አግዳሚው ላይ ተቀመጥሁ።

የመርፌ ክፍሉ በር ተከፈተ።

«ወይዘሮ ማናዬ» ሲል ምስጋናው ተጣራ።

አፌን ሳልከፍት... ከአግዳሚው ጫፍ አንዲት ሴት ተነሣች።

ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ተከናንባለች። እግሯን ታነክሳለች። እንደኔ።

ልጮህ ፈለግሁ። ድምፄ አልወጣም።

በሩን ገፋ ስታደርግ እጇን አየሁት። አውራ ጣቷ ላይ ሰማያዊ ቀለም አለ... ገና እርጥብ ነው።

የራሴን አውራ ጣት አየሁ።

ንጹሕ ነው።

ገባች። በሩ ተዘጋ። መርፌው ትሪው ላይ እንደተሞላ ነው።

እኔ አግዳሚው ላይ ነኝ። ማንም አልነካኝም...

ጉሮሮዬ ማበጥ ጀመረ።