የብሎካችን ስም እንዳይጠፋ

እዚህ አያት ኮንዶሚኒየም ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ነው። ስለዚህ በየበረንዳውና በየደረጃው ሥር በርሜል አለ። ክዳኑ የት እንደገባ የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው። አንዱ የልብስ መዘፍዘፊያ ሆኗል፣ ሌላውን ልጆች ሲንሸራተቱበት ሰንጥቀውታል። "ነገ ለሚያልቅ ውሃ ምን ክዳን ያስፈልገዋል?" ይባላል። ወገኖቼ፣ ጉዱ የጀመረው ከዚሁ ነው።

ጋሽ ቢተው የብሎካችን ኮሚቴ ሰብሳቢ ናቸው። ከመንግሥት ሥራ ጡረታ ከወጡ ወዲህ ሥራቸው ይኸው ብሎክ ነው። ግቢው ቀለም የተቀባው፣ አበባ የተተከለው በእሳቸው ጭቅጭቅ ነው። አምና ክረምቱ ሲወጣ ማስተዋል የምትባል ወጣት ተመራማሪ ጭልፋና ትንንሽ ጠርሙሶች ይዛ መጣች።

"ጋሽ ቢተው፣ ከበርሜሎቻችሁ የትንኝ እጭ ልውሰድ። ዘረ መላቸውን ላቦራቶሪ ውስጥ እናነበዋለን። ከቆላ የመጣች የወባ ትንኝ መሆን አለመሆኗ፣ የትኛው መድኃኒት እንደሚገድላትም ያን ጊዜ ይታወቃል።"

"ወባ? አያት ላይ?" ጋሽ ቢተው ሳቁ። "አንቺ ልጅ፣ ይኼ እኮ ደጋ ነው! ደግሞ ዛሬ አንቺ ከገባሽ ነገ 'ወባ ያለበት ብሎክ' መባላችን ነው። ማን ቤት ይገዛናል? ማንስ ይከራየናል?"

"ስማችሁን አንጠራም። ግን በግምት መድኃኒት አይመረጥም፣ ጋሽዬ።"

"እኛው እንረጫለን፤ በቃ!"

ጥበቃው ሰዲቅ ሁለተኛ እንዳያስገባት ታዘዘ። ጋሽ ቢተውም ከሾላ ገበያ የሚረጭ የትንኝ መድኃኒት አስገዝተው ግቢውን አስረጩት። ሽታው መቀመጫ አሳጣን እንጂ ትንኞቹስ ምንም አልሆኑም። ነዋሪውም ዝም አለ፤ ግማሹ የሚያከራየው ቤት ነበረው።

ያኔ ልጃቸው እንቁ የመጀመሪያ ልጇን አርግዛ፣ ልትወልድ ወላጆቿ ቤት መጥታ ነበር። የምትተኛው በርሜሉ ከቆመበት በረንዳ አጠገብ ባለው ክፍል ነው። በጥቅምት ትኩሳት ያዛትና ክሊኒክ ወሰዷት።

"ቆላ ሄዳ ነበር?" አለ ሐኪሙ።

"ኧረ ከአያት ንቅንቅ አላለችም!" አሉ ጋሽ ቢተው።

ስለዚህ ለወባ ሳትመረመር ታይፎይድ ነው ተባለና መርፌ ታዘዘላት። ጋሽ ቢተው በዚያች ቅጽበት የማስተዋል ጭልፋ ትዝ ብሏቸው ነበር፤ ኋላ ራሳቸው ነግረውናል። ግን ወባ የሚለውን ቃል ማውጣት ብሎኩን ማሳማት መሰላቸውና ዋጡት። እንቁ ራሷን ስታ ሆስፒታል ስትገባ ደሟ ተመረመረ። ወባ ነበር፤ ጊዜው ግን አልፏል። እሷም ሞተች፣ ሆዷ ውስጥ ያለው ሕፃንም አብሯት ሄደ። አንጀት ይበላል! እናቷ ወይዘሮ ተናኜ ለአራስ ገንፎ ብለው ያስፈጩት ዱቄት እስከ ዛሬ ከነከረጢቱ ተቀምጧል።

ከለቅሶው በኋላ ማስተዋልን ያስጠሯት ጋሽ ቢተው ራሳቸው ናቸው። እንቁ ትተኛበት ከነበረው ክፍል አጠገብ ካለው በርሜል እጩን የጨለፉትም እሳቸው ናቸው። ውጤቱ ሲደርስ ማስተዋል ግቢው ውስጥ ሰብስባ ነገረችን።

"ትንኟ በቆላ ከተሞች ካሉት ጋር አንድ ዘር ናት፤ ምናልባት በጭነት መኪና ገብታ ይሆናል። ባልተከደነ ንጹሕ ውሃ ውስጥ ትራባለች። ወባ ያለበትን ሰው ነክሳ ወደ ጤነኛው ታስተላልፋለች። ዘረ መሏን ስናነበው ደግሞ፣ እናንተ የረጫችሁትን መድኃኒት የምትቋቋም ሆና አገኘናት።"

ጋሽ ቢተው ቀና ብለው አዩዋት። "ያኔ አስገብቼሽ ቢሆን ይኼን ታውቂ ነበር?"

ማስተዋል አቀረቀረች። "አውቅ ነበር፣ ጋሽዬ። ለክሊኒኮቹም እንነግር ነበር።"



ወገኖቼ፣ በሽታ ስለደበቁት አይሄድም። በርሜላችሁን ክደኑ፤ ውሃው ሲያልቅም ፈግፍጋችሁ እጠቡት። ሊመረምር ለመጣ ሰው በር ክፈቱ። ትኩሳት ከያዛችሁ "ወባም ይታይልኝ" ለማለት አትፈሩ። ይኼን ለማድረግ ምን ይከብዳል?

በቀደም ደላላው ላጲሶ ቤት የሚገዙ ባልና ሚስት ይዞ መጣ። "ጋሽ ቢተው፣ እስቲ ስለ ብሎካችሁ ይንገሯቸው" አለ፤ የድሮ ውዳሴያቸውን እየጠበቀ።

"ወባ አለ" አሉ ጋሽ ቢተው። "ልጄን የገደላት ትንኝ የተፈለፈለው እዚያ በረንዳ ላይ ካለው በርሜል ነው። ቤቱን ከገዛችሁ መጀመሪያ ክዳን ግዙ።"

ላጲሶ ጭንቅላቱን ያዘ። "ምነው ጋሼ! የብሎኩን ስም አጠፉት እኮ!"

"ይጥፋ" አሉት። "ለዚሁ ስም ብዬ ነው ልጄን የቀበርኳት።"