የሸለቆው አገር ሲወድቅ

መልእክቱ ሲገባ ሚዛን ሳህን እያጠበች ነበር። እጇን በቀሚሷ ጠረገችና ስልኩን አንስታ ቆማ አነበበችው። ከዚያ ወንበር ስባ ተቀመጠችና ደግማ አነበበችው። የተራራው አገር ንጉሥ ለባሕሩ አገር ንግሥት በምስጢር የጻፈው ነበር።

«ረቡዕ እኔ ከላይ አንቺ ከታች እንገባለን። ሸለቆውን እኩል እንካፈላለን። የወዳጅነቱን መሐላ አንቺ ጻፊላት፤ አንቺን ታምናለች። ድንበር ላይ ያለውን ጦሯን እንድታነሳ አድርጊ። ለነገሩ ልጅቷ ተማሪ እንኳ አይደለችም፤ ብትወድቅ ማን ይከፋዋል?»

ነገሩ ጨዋታ ነው። የኮምፒውተር ክበቡ ልጆች እያንዳንዳቸው አንድ አገር ይመራሉ፤ ይዋጋሉ፣ ይታረቃሉ፣ ደብዳቤ ይጻጻፋሉ፣ በየሳምንቱም የሕዝባቸውን ታሪክ ይጽፋሉ። መሬቱን የሚቆጥረው ኮምፒውተሩ ነው። ዲፕሎማሲና ታሪክ ግን በማሽን አይለካምና ነጥቡን የሚሰጠው ሰው ነው፤ ያ ሰው ሚዛን ናት። ለማንም አታዳላም፣ ፊቷም አይነበብም ተብላ ነው የተመረጠችው። ቅጽል ስሟም የመጣው ከዚያ ነው። ንጉሦቹ በምስጢር የሚጻጻፉት ሁሉ ግልባጩ ለእሷ ይደርሳል፤ ካላየችው በምን ትፈርዳለች? አንድ ሕግ ብቻ አለባት። ዳኛ ያያል፣ አይናገርም።

የተራራው ንጉሥ ልጆቹ «ጄኔራል» የሚሉት የክፍሏ ልጅ ነው። የባሕሯ ንግሥት ማርዬ ናት፤ እንዲህ ያሏት ምላሷ ማር ስለሆነ ነው። የሸለቆው አገር ደግሞ የጭራሮ ነው። ጭራሮና ሚዛን ከአንደኛ ክፍል ጀምረው አንድ ዴስክ ላይ ነው ያደጉት። ዘንድሮ ግን ከሚዛን አጠገብ ያለው ቦታ ባዶ ነው።

የጭራሮ አባት የጭነት መኪና ሹፌር ነበር። ጭነት ሲያስር ወድቆ ወገቡን ከተሰበረ ወዲህ ከአልጋ አልተነሳም። እናቷ እሱን ማስታመም፣ ጭራሮ ደግሞ አክስቷ ልብስ ስፌት ቤት ገብታ መሥራት ሆነ። የኮምፒውተር መምህሩ አንጀቱ አልችል ብሎት ርእሰ መምህሩን ለምኖ የክበቡ አባል አድርጎ አስቀራት። አገሯ እስካለች ድረስ ዓርብ ዓርብ ከሰዓት ዘበኛው ያስገባታል። አገሩ የወደቀበት ልጅ ግን እስከሚቀጥለው ዓመት ከክበቡ ይወጣል። ይህ ለማንም የማይላላ ሕግ ነው፤ ጭራሮ ከወጣች ደግሞ የትምህርት ቤቱን በር የምታልፍበት ሌላ ምክንያት የላትም።

ሚዛን ይህን ሁሉ ታውቃለች። ጄኔራልና ማርዬ አያውቁም፤ ወይም ማወቅ አልፈለጉም።

የሚዛን እናት ከሥራ ስትገባ ሳህኑ አሁንም ግማሹ አልታጠበም ነበር። እናቷ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ናት፤ ስለ ዳኛ የምትጠየቅ ከሆነ ትክክለኛዋ ሰው እሷ ናት።

«እማዬ፣ አንድ ዳኛ ሰው ሊጎዳ መሆኑን ቀድሞ ቢያውቅስ?»

«ከችሎት ውጭ ከሆነ አፉን ይዘጋል። ዳኛ ዘመድ የለውም።» እናቷ ጫማዋን አውልቃ እግሯን እያሸች ነው። «ደግሞስ ዝም አይነቅዝም። ምነው፣ ያ ጨዋታችሁ ነው?»

«አዎ፣ ጨዋታው ነው።»

«ታዲያ ምን ያስጨንቅሻል? ይልቅ ሳህኑን ጨርሺ።»

በማግስቱ፣ ማክሰኞ፣ ጉርዷን ልታስረዝም ነው ብላ ወደ ስፌት ቤቱ ሄደች። ጉርዱ በእርግጥም አጥሯት ነበር፤ ግን የሄደችው ለጉርዱ አልነበረም። ለምን እንደሄደች ራሷም በደንብ አታውቅም። ቤቱ ከበሩ እስከ ግድግዳው የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ተንጠልጥሎበታል። የጭራሮ አክስት መርፌዋን በከንፈሯ ይዛ የስፌት መኪናውን ትረግጣለች። ጭራሮ ጥጉ ላይ ተቀምጣ የአንዱን ተማሪ ሱሪ ስፌት ትተረትራለች፤ የቀድሞ ክፍል ጓደኞቿን ልብስ ስታሳጥርና ስታስረዝም ነው የምትውለው።

«ማርዬ መሐላ ጻፈችልኝ» አለች ጭራሮ፣ ሱሪውን ጭኗ ላይ አስቀምጣ። «አይተሽዋል አይደል? በሕዝቧ አጥንት ነው የማለችው። እንዴት ያምራል መሰለሽ።»

«አይቼዋለሁ።»

«ጦርሽን ከድንበር አንሺ፣ እኔ እጠብቅልሻለሁ ትላለች። ላንሳው?»

«እኔን አትጠይቂኝ።»

«ተናገሪ መች አልኩሽ? ዓይንሽን ብቻ ጨፈን አድርጊው። ከጨፈንሽ አላነሳም። ካልጨፈንሽ አነሳለሁ።» ጭራሮ ሳቀች። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ሲባል አልሰማሽም? አታክብጂ ባክሽ።»

ሚዛን ፊቷን አዙራ መሄድ ትችል ነበር። ሳል መጣብኝ ማለት፣ ስልክ ተደወለልኝ ማለት ትችል ነበር። እሷ ግን ዳኛ ነኝ፣ ምንም ምልክት አልሰጥም ብላ ድርቅ አለች። ጭራሮ ፊት ለፊቷ ቁጭ ብላ እየጠበቀች፣ ዓይኗ እስኪያቃጥላትና እንባ እስኪያቀርር ድረስ ሳታርገበግብ ቆየች። አለማዳላት ማለት ይህ መስሏት ነበር። አለመጨፈኑም ራሱ መልስ መሆኑ የገባት ዘግይቶ ነው።

«በቃ፣ አልጨፈንሽም» አለች ጭራሮ። ፊቷ በራ፤ ስልኳን አውጥታ ትእዛዙን እዚያው ጻፈች። «አየሽ፣ አንዳንድ ሰው ደህና ነው።»

ሚዛን አፏን ከፈተች። አክስቲቱ መርፌውን ከከንፈሯ አውጥታ «ጉርድሽ ለቅዳሜ ይደርሳል፣ የኔ ልጅ» አለች። ሚዛን «እሺ፣ እትዬ» ብላ ወጣች። ከዚያ በኋላ እቤት እስክትደርስ ድረስ ስልኳ ኪሷ ውስጥ ነበር። አንድ ቃል መላክ ይበቃት ነበር፤ አልላከችም።

ረቡዕ የሸለቆው አገር ሳይዋጋ ወደቀ። የሚዋጋ ጦር ድንበሩ ላይ አልነበረምና። በክበቡ የጋራ ገጽ ላይ ልጆቹ ሲሳሳቁ ዋሉ። ጭራሮ «ማርዬ?» ብላ ጻፈች፤ አንድ ቃል ናት። ማርዬ «አቦ ጨዋታ ነው፣ አትቀየሚ» አለቻት።

ሚዛን የዲፕሎማሲ ነጥቡን መሙላት ነበረባት። ማሳመን ነጥብ አለው፤ የማርዬ መሐላ ደግሞ ከዓመቱ ደብዳቤዎች ሁሉ የበለጠ አሳማኝ ነበር። ከሃያ አሥራ ዘጠኝ ሰጠቻት። ስትጽፍ አላመነታችም፤ በኋላ ራሷን አብዝታ የጠላችውም በዚህ ነው።

ዓርብ ከሰዓት የኮምፒውተር ክፍሉ መስኮት ጋ ቆማ ሳለ ጭራሮን በሩ ላይ አየቻት። ፀጉሯን አበጥራ፣ አሮጌ ዩኒፎርሟን ለብሳ መጥታለች። ምናልባት የተረሳ ነገር ይኖራል ብላ ይሆናል፤ ሰው ተስፋ ሲቆርጥም ልብሱን መቀየሩ አይቀርም። ዘበኛው የክበቡ አባላት ስም ያለበትን ወረቀት ከላይ እስከ ታች አየና ራሱን ነቀነቀ። ክፉ ሰው አይደለም። ትከሻዋን መታ መታ አድርጎ አንድ ነገር አላት። ጭራሮ ትንሽ ቆመች፤ ከዚያ ዞራ ሄደች።

«ቲቸር፣ ማስገባት አይቻልም?»

መምህሩ ከኮምፒውተሩ ቀና አላለም። «ለምኜ ለምኜ ነው እስካሁን ያቆየኋት። አባል ካልሆነች አትገባም ብለዋል። ከዚህ በላይ ምን ላድርግ?»

ምንም ማድረግ አይችልም፤ እውነቱን ነው። ሚዛን ግን ትችል ነበር፤ ማክሰኞ።

ቅዳሜ ጉርዷን ልትወስድ ሄደች። ጭራሮ ቁልፍ እየተከለች ነበር።

«ይቅርታ ልልሽ ነው የመጣሁት።»

«ጅብ ካለፈ ውሻ ጮኸ አሉ።» አልጮኸችም፣ አላለቀሰችም። ክሩን በጥርሷ በጠሰች።

«ሕጉ ነው የያዘኝ። የሁሉንም ምስጢር ነው የማየው። ለአንቺ ከተናገርኩ...»

«እነሱ ጠላቶቼ ናቸው፤ ጠላት ሥራውን ሠራ። ማርዬን እንኳ አልጠላኋትም። አንቺን ግን ዓይን ዓይንሽን እያየሁ ነው የጠየቅኩሽ።»

«ለቲቸር እነግረዋለሁ። ርእሰ መምህሩ ቢሮ ሄጄም...»

«ምን ብለሽ? ተዪው። አባቴ በዚህ ዓመት አይነሳም፣ ሐኪሙ ነግሮናል። ያው አንድ ቀን መቅረቴ አይቀርም ነበር።» ተነሳችና ጉርዱን ከማንጠልጠያው አወረደች። «ይኸው፤ ርዝመቱ ልክ መሆኑን እዪው።» ለማንኛዋም ደንበኛ የምትለውን ነው ያለቻት። ሚዛን ጉርዱን ተቀብላ ወጣች። መንገድ ላይ አለቀሰች፣ ሰው እያያት።

የታሪክ ማስገቢያው ቀን ሐሙስ አልፏል። እሑድ ከምሳ በኋላ ግን ከሸለቆው አገር አንድ ታሪክ ለዳኛዋ ደረሰ። አጭር ነው። ሚዛን እንዳነበበችው ፊቷ ጋለ። ስለ እሷ ነበር። ስሟ አልተጠራም፤ ሁለተኛ ጊዜ ስታነብበው ግን ክፍሉ ውስጥ ያለ ማንኛውም ልጅ ማን እንደሆነች እንደሚገባው አወቀች። ከዓመቱ ታሪኮች ሁሉ የሚበልጠውም ይኸው ነበር።

ዘግይቶ የመጣ ታሪክ ዜሮ ነው፤ ለክበቡም አይነበብም። ሕጉ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ እሷ አደላ። ብታጠፋው ማንም አያውቅም። ጭራሮ እንደሆነች በሩን አታልፍም፤ ተነበበ አልተነበበ ብላ መጥታ አትጠይቅም። ሚዛን ሳምንቱን ሙሉ ይህን እያሰበች ከረመች። ሌሊት ሌሊት ስልኩን እያነሳች ‹አጥፋ› የምትለዋን ቁልፍ ታያታለች፤ መልሳ ታስቀምጠዋለች። አንዴም ጣቷን አሳርፋባት ነበር።

ዓርብ ውጤቱ የሚነገርበት ቀን ነው። ልጆቹ ወንበራቸውን አጠጋግተው ተቀመጡ። ሚዛን ነጥቦቹን በተለመደው ድምፅዋ አነበበች። ማርዬ አንደኛ ወጣች፤ ተጨበጨበላት። ጄኔራል በሁለተኛነቱ ተነጫነጨ።

«የሸለቆውስ ታሪክ?» አለ መምህሩ።

«ዘግይቶ ነው የደረሰው። ዜሮ ነው።»

«ፎርፌ» አለ ጄኔራል፤ አንዳንዶቹ ሳቁ።

«እንግዲያው ጨርሰናል» አለ መምህሩና ወረቀቱን ሰበሰበ።

ሚዛን ግን አልተቀመጠችም። «ነጥቡ ዜሮ ነው፤ አልቀይረውም። ግን ላንብበው።»

«ነጥብ ከሌለው ምን ያደርጋል?» አለች ማርዬ።

«ምንም አያደርግም» አለች ሚዛን፤ እውነቷን ነበር። ቢነበብም ጭራሮ አትመለስም። ስልኩን ከፈተች።

«‹የሸለቆ ሰዎች ዕቃቸውን ተሸክመው ከአገራቸው ሲወጡ የተራራውን ንጉሥ አልረገሙም። የባሕሯንም ንግሥት አልረገሙም። ጠላት ያው ጠላት ነው ብለው አለፉ። መንገድ ላይ አንድ ሕፃን እናቱን ጠየቃት። ኮረብታው ላይ ተቀምጦ የነበረው ሰው ሁለቱ ጦር ሲመጣ አላየም? አይቷል አለችው። ታዲያ ለምን አልጮኸም? የጠላት ሰው ነው እንዴ?›»

ጄኔራል እግሩን ከወንበሩ ላይ አወረደ። አንድ ዓረፍተ ነገር ቀርቷል። እዚህ ላይ ብታቆም ታሪኩ ያለቀ ይመስላል፤ የሚጠይቃትም የለም። ግን ቀጠለች።

«‹አይ ልጄ፣ የኛው ልጅ ነው አለችው።›»

ማንም አላጨበጨበም። ሚዛን ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ከዚያ ከማክሰኞው የስፌት ቤት ጀምራ፣ ኮረብታው ላይ የነበረው ሰው ማን እንደሆነ ትነግራቸው ጀመር።