የባርጋቪ ጉልቻ

ባርጋቪ የሞተችው ሂንዱ ሴቶች ለእንስት አምላካቸው ለአቱካል እናት ጣፋጭ ሩዝ በሚያበስሉበት በዓል፣ ጀርባዋን ለግቢዋ ግድግዳ ሰጥታ ከጉልቻዋ አጠገብ በተቀመጠችበት ነው። ኢንስፔክተር ኦማና ስትደርስ፣ ከሬሳው ግራና ቀኝ ሁለት ሴቶች ምንም እንዳልተፈጠረ ጣፋጭ ሩዛቸውን ያማስሉ ነበር። ሠራተኛዋ ታንካማ ከምሰሶው ጋር በገመድ ታስራለች።

«ካህኑ ድስቶቻችንን ጠበል እስኪረጭ ይጠብቁን» አለች የሟች ወንድም ሚስት ሳሮጂኒ፣ ማማሰያዋን ሳታቆም። «ገዳይዋ እንደሆነ ተይዛለች።»

«ምን አየሽ?»

«ምን ያላየሁት አለ! ባርጋቪ እሳቱን በዚያ ጎኗ ካሉት ከእትዬ ሱባድራ ተቀበለች፣ የራሷን ለኮሰች፣ ለእኔም በእጇ አቀበለችኝ። ከዚያ ይቺ መጥታ አሬራ ሰጠቻት። ጠጣች፣ አለቀች!»

በዚህ ቀን ክብሪት የሚጭር የለም። እሳቱ ከመቅደሱ ተነስቶ ከጉልቻ ወደ ጉልቻ፣ ከእጅ ወደ እጅ ነው የሚደርሰው።

«አልጠጣችም!» ታንካማ አለቀሰች። «ዓይኗን ጨፍና ነበር። የምትጸልይ መስሎኝ ኩባያውን አጠገቧ አስቀመጥኩት። አሥራ አንድ ዓመት አስታምሜያት እኔ ልገድላት? ብታሰር ልጄን ማን ያሳድግልኛል?»

ኩባያው ተገልብጧል፤ አሬራውን መሬት ጠጥቶታል። ኦማና ጎንበስ ብላ የሟቿን ጉልቻ በጣቷ ዳበሰች። ከጎኑ አንድ የተከፈተ ኮኮነት አለ።

«ይህን ማን ከፈተላት?»

«እኔ ነኛ!» አለች ሳሮጂኒ። «ማለዳ፣ ጾሙ እንዳያደክማት ውኃውን እንድትጠጣ ብዬ። ሌላ ማን ያስብላታል?»

ኦማና ወደ ጡረተኛዋ መምህርት ወደ ሱባድራ ዞረች። «እርስዎስ ታንካማን ይጠረጥራሉ?»

«ባለጌ ናት! ባርጋቪ ሰኞ ቤቱን ልትፈርምላት ነበር። ለሠራተኛ! ሳሮጂኒን ከነባሏ ሜዳ ላይ ጥላ!»

ካህኑ ረጭቶ አለፈ። ኦማና ሦስቱን ሴቶች ሬሳው ፊት ሰበሰበቻቸው።

«ሳሮጂኒ፣ ‹የራሷን ለኮሰች› ብለሽኛል። እዪው እንግዲህ፤ የደረደረችው ዝንጣፊ ጫፉ እንኳ አልጠቆረም። ዓመት ሙሉ ይህን ቀን የጠበቀች ሴት፣ እሳት በእጇ ይዛ ጉልቻዋን ሳትለኩስ ለሌላ አታቀብልም። እሳቱ ሲደርስ ባርጋቪ ሞታለች። ታንካማ ከእሳቱ በኋላ መምጣቷን ደግሞ የመሰከርሽው ራስሽ ነሽ። ለሞተ ሰው አሬራ ምን ያደርግለታል?»

«የእኔ ጉልቻ ታዲያ በምን ነደደ?»

«እሱን እትዬ ሱባድራ ይንገሩን።»

አሮጊቷ አንገቷን ደፋች። «በባርጋቪ ራስ ላይ አሻግሬ እኔው ለሳሮጂኒ አቀበልኳት።»

«እንደሞተች እያወቁ?»

«እጇን ስነካው ቀዝቅዛለች። እሳቱ ሬሳ ጋ ደረሰ ብዬ ብናገር የሁላችን ድስት ይረክሳል። አርባ ዓመት አንድ ጊዜ እንኳ አላጓደልኩም!»

ኦማናን ገዳይ እንኳ እንደዚህ አስጠልቷት አያውቅም።

«ጾመኛ ስለነበረች ከእሳቱ በፊት የቀመሰችው ኮኮነቱን ብቻ ነው» ብላ ቀጠለች። «የከፈትሽውም፣ መርዝ የጨመርሽበትም አንቺ ነሽ፣ ሳሮጂኒ። ታንካማ ሰኞ እንዲደርስላት ነው የምትጸልየው፤ ሰኞ እንዳይመጣ የፈለግሽው አንቺ ነሽ።»

ማማሰያው ከሳሮጂኒ እጅ ወደቀ። ፖሊሶቹ ይዘዋት ሲወጡ ሱባድራ ጉሮሮዋን ጠረገች።

«እኔ ግን ድስቴን ይዤ ልሂድ? ጠበሉ ተረጭቷል።»

«ይሂዱ» አለች ኦማና ፊቷን አዙራ። «የልጅ ልጆችዎን ሲያጎርሱ ግን እሳቱ በማን ራስ ላይ እንደተሻገረ ይንገሯቸው።»

ታንካማ ገመዱ ሲፈታላት ወደ በሩ አልሮጠችም። ፎጣዋን ከትከሻዋ አውርዳ የባርጋቪን ፊት ሸፈነች። ከጠዋት ጀምሮ ይህን ያደረገ ሰው አልነበረም።