ከጥዱ ላይ የተሰቀለው ጫማ

የደን ጠባቂው ኤልበርት ታትል ቅዳሜ ጠዋት ጥድ ሥር ሞቶ ሲገኝ እግሩ ላይ ካልሲ ብቻ ነበር። ጭንቅላቱ ከኋላ ተመትቷል። ቡትስ ጫማው ከበላዩ ካለው ቅርንጫፍ ላይ ተንጠልጥሎ በረዶ ይወርድበታል። መርማሪው ጌዲዮን ስትራውድ እሑድ ከሰዓት ሲደርስም ጫማውን የነካ አልነበረም።

የሟቹ እኅት ሃሪየት ገና ከፈረሱ ሳይወርድ ያዘችው።

«ገዳዩን ኋላም ይደርሱበታል። አሁን ካርታውን ይፈልጉልኝ።»

እውነቷን ነው። ምክር ቤቱ የፕሬዚዳንቱን ደን የመከለል ሥልጣን ሊነጥቅ ነውና፣ ከነገ ቀትር በኋላ ብዕሩ አንድ ዛፍ አያድንም። የዚህ ሸለቆ ወሰን የሰፈረው ደግሞ ታትል ይዞት በወጣው ወረቀት ላይ ብቻ ነው። ከተገኘ ቁጥሮቹ ዛሬውኑ በቴሌግራፍ ዋሽንግተን ይገባሉ።

ግድያው ሲፈጸም በረዶ በዘጋው ሸለቆ ውስጥ ከታትልና ከእኅቱ ሌላ ሦስት ሰዎች ብቻ ነበሩ። ስትራውድ ከመጋዝ ፋብሪካው ባለቤት ከፕሩየት ጀመረ።

«ፕሬዚዳንታችን ከብት አርቢ ነበር፣ የፖሊስ አለቃ ሆነ፣ ዘመተ፤ አሁን ደግሞ የዛፍ እረኛ መሆን አማረው» አለ ፕሩየት እያፌዘ። «ታትልን ግን አልነካሁም። ጠበቃ እያለኝ ምን ዱላ ያስይዘኛል?»

ሬሳውን ያገኘው ሎከን በግ አርቢ ነው። «ከግጦሽ አባሮኛል፤ አልወደውም ነበር። ግን ምን ዓይነት ሌባ ነው ጫማ አውልቆ ሰቅሎት የሚሄድ?»

ሦስተኛው፣ አርባ ዓመት ግንድ በወንዝ ሲነዳ የኖረው ሽማግሌው ሳይላስ፣ «ወዳጄ ነበር» አለ።

ስትራውድ ጥዱ ሥር ብዙ ቆመ። ከዚያ ጫማውን አውርዶ አራቱንም የፋብሪካው ምግብ ቤት ሰበሰባቸው።

«የሌባ ሥራ አይደለም» አለ። «ግንድ ነጂዎች ጓደኛቸው ሲሞት ጫማውን ዛፍ ላይ ይሰቅሉለታል። ለአባቴም ሰቅለውለታል። አቶ ፕሩየት ግንድ ሸጠው እንጂ ነድተው አያውቁም። ሎከን ልማዱን ቢያውቅ ስለ ሌባ አያወራም ነበር። ጫማው የተሰቀለው ደግሞ ሬሳው ከመገኘቱ በፊት ነው፤ ስለዚህ የሰቀለው ገዳዩ ራሱ ነው። ሳይላስ፣ ምን ሆነህ ነው?»

ሳይላስ አልካደም።

«ፕሩየት ‹ደኑ ሲከለል ቤትህ ሊወሰድ ነው› አለኝ። ካርታውን ስጠኝ ብለው ታትል እምቢ አለ፤ ‹ያንተ ቤት አይነካም› አለኝ። አላመንኩትም፤ መታሁት። ኪሱን ብፈትሽ ምንም የለም። ከዚያ... ጫማውን እግሩ ላይ እንዴት ትቼው ልሂድ?»

«ወሬ ማውራት ወንጀል ሆነ እንዴ?» አለ ፕሩየት። አልነበረም።

«ወሰኑን በቤትህ ዙሪያ አዙሮታል» አለች ሃሪየት። «‹ሳይላስ ከደጁ አይነሳም› ብሎኝ ነበር፣ ሐሙስ እራት ላይ።»

ሽማግሌው ጠረጴዛው ላይ ተደፋ።

ስትራውድ የጫማውን የውስጥ ገበር ገልጦ የታጠፈ ወረቀት አወጣ። አፉን ወደ ሰማይ ከፍቶ የተሰቀለው ጫማ ሁለት ቀን ሙሉ በረዶ ሲገባበትና ሲቀልጥበት ሰንብቷል። ቀለሙ ሰማያዊ እድፍ ሆኗል፤ አንድ ቁጥር እንኳ አልተረፈም። ሃሪየት ወረቀቱን መብራቱ ላይ አቀናችው፣ ገለበጠችው፣ እንደገና አቀናችው።

ሰኞ ቀትር ላይ ቴሌግራፍ ቤቱ ውስጥ ወረቀቱን እንደያዘች ቆማ ነበር። ፕሬዚዳንቱ የደረሱትን ካርታዎች ሁሉ ፈርሟል።

በጸደይ የፕሩየት መጋዝ ሥራ የጀመረው ጫማው ከተሰቀለበት ጥድ ነው።